መብራቱ የእኔ፣ ጩኸቱ የሰፈሩ

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መብራት በፈረቃ ሆነ። የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሷል ተባለ። 1,870 ሜጋ ዋት እያልን የምንኮራበት ግድብ ዝናብ ሲጠብቅ፣ እኛ የኮልፌ ሰዎች ሰዓት መጠበቅ ያዝን። ማታ ማታ የሚጠፋበት ተራ ሲደርሰን የልጆቹ ፈተና ቀርቦ ነበርና መርካቶ ወርጄ ሁለት ኪሎ ዋት ተኩል የምትሰጥ የቤንዚን ጀነሬተር ገዛሁ። ቀይ ናት፣ እጀታ አላት፣ ገመዷ ተስቦ ነው የምትነሳው። ባለቤቴ ገና በሩ ላይ እንዳየቻት «ምጣድ ትችላለች?» አለችኝ። አትችልም፤ ምጣዳችን ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። «ምጣድ ካልቻለች ምኗ ጀነሬተር ነው!» ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ቀጥሎ የት እናስቀምጣት የሚለው መጣ። ቤት ውስጥ አይታሰብም። የከሰል ጭስ ስንቱን ተኝቶ እንዳስቀረ የማያውቅ የለም፤ የጀነሬተርም ጭስ ያንኑ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል። ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ትራቅ ስላሉኝ ግቢውን በእርምጃ ለካሁት። ከልጆቼ መኝታ ስድስት ሜትር የሚርቅ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ ከጎረቤታችን ከሐጂ ጋር የምንዋሰንበት የቆርቆሮ አጥር ሥር። የጭስ ማውጫዋን ወደ አጥሩ አዙሬ አስቀመጥኳት። ጥንቃቄ አደረግሁ ብዬ እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ስለዚህ ቤንዚን የያዘ ጄሪካን በእጄ ሲኖር የማቴዎስ 25 አሥሩ ደናግል ትዝ ይሉኛል። እነዚያ በደብረ ዘይትና በገብር ኄር ወንጌል መካከል ተሸጉጠው ያሉት። እኔ እንግዲህ መጠባበቂያ ዘይት ከያዙት ከአምስቱ ልባሞች ወገን መሆኔ ነው። ማደያው በጄሪካን አንቀዳም ስላለኝ ከመኪናዬ ታንከር በላስቲክ ቱቦ በአፌ እየሳብኩ ነበር የማወጣው፤ የበላሁት ሁሉ እስከ ማግስቱ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል። ልባሞቹ ዘይታቸውን እንዲህ አግኝተውት ከሆነ ለሰነፎቹ ባይሰጡም አይፈረድባቸውም።

ቀልዱን ትቼ፣ ይህ ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቆጠቁጠኝ የኖረ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋት ነው፣ ለሰው መራራት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ታዲያ በማሰሮው ርኅራኄ የሞላ ሰው «አይበቃንም» ብሎ እንዴት ይከለክላል? መምህራችን የሰጡን መልስ ምግባር በውሰት አይሆንም የሚል ነበር፤ ሙሽራው ከመጣ በኋላ የአንዱ ጽድቅ ለሌላው አይቀዳም። ለዚያ ቀን እቀበለዋለሁ። የእኔ በር ግን ገና አልተዘጋም፤ ጎረቤቴም ያለው ከአንድ ቆርቆሮ ወዲያ ነው። (አገሪቱም ያን ሰሞን ለሱዳንና ለጅቡቲ የምትሸጠውን ኃይል ቀንሳ ነበር። «አይበቃንም» መንግሥትም ይላታል።)

«አይበቃንም» የሚለውን ሰበቤን ያፈረሰብኝ ኤሌክትሪሺያኑ ነው። መጀመሪያ በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ጥርስ ባለው ገመድ ጀነሬተሯን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝቻት አገኘኝና ጮኸብኝ። «ዋናውን ሳትዘጋ እንዲህ ከሰካህ ኃይሉ ወደ መንገድ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ወደ ሺዎች ያወጣዋል። መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ልጅ ትገድለዋለህ» አለኝ። ላቤ መጣ። ቤቴን ከመስመሩ የሚለይ ማዞሪያ ገጠመልኝና፣ ሊሄድ ሲል ስለ ጩኸቷ ጠየቅሁት። ብዙ አምፖል ካላበራሁ ትቀንስ እንደሆነ ነበር የፈለግሁት።

«ምንም አታመጣም» አለ። «50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 3,000 ዙር መዞር አለባት። አንድ አምፖል ጫንክባት፣ አምስት ጫንክባት፣ ዙሩ ያው ነው። ቤንዚኑንም ቢሆን ሥራ ፈታ ቆማም ትጠጣዋለች።»

ይህን ነገር አልጋዬ ላይ ሆኜ አመነዠግሁት። የደናግሉ ዘይት ሲካፈል ይጎድላል። የእኔዋ ግን ለሐጂ ሁለት አምፖል ባበራ የሚጎድልብኝ ከቁጥር አይገባም፤ ባልሰጣቸውም ያው ቤንዚን ይነዳል። እንግዲህ «አይበቃንም» የሚለው መልስ ለእኔ አይሠራም። በማግስቱ ሃያ ሜትር ገመድና ሁለት አምፖል ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ረመዳን ነበር፣ ሊያፈጥሩ ጥቂት ቀርቷቸዋል። የጽድቅ ሙቀት እየተሰማኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሐጂ በጉልምስናቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዱ አሰብ የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል። ደጃፉ ላይ ቴምር በሳህን ይዘው ተቀምጠዋል። ገመዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። መብራቱ ይቆየኝ፤ ፋኖስ አለኝ። የመግሪቡ አዛን ነው አልሰማ ያለኝ።»

መስጊዱ ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ የልጅ ልጃቸው ስልክ አይቶ «ደርሷል» ሲላቸው ነው ያፈጠሩት። በአጥሩ ሥር የተከሉት ጤናዳምም በእኔ በኩል ያለው ቅጠሉ ጥላሸት ለብሷል። ስለ እሱ አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ስምንት ቀን ሙሉ ስፈላሰፍ የነበረው በእጄ ስላለው ነገር ነበር፤ ልስጥ ወይስ ልከልክል? ከእጃቸው ምን እንደወሰድኩ አንዴም አላሰብኩም። የማታው ጸጥታ የእሳቸው ነበር፣ ሳላስፈቅድ ወሰድኩት። አየሩም እንዲሁ። ልጆቼን ከጭሱ ስድስት ሜትር ሳርቅ እሳቸውን ምን ያህል እንዳቀረብኳቸው አልለካሁም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «የጎረቤት ሐቅ» የሚሉት ነገር አለ፤ ከምጽዋት ፊት የሚቆም ይመስለኛል። ልባሞቹ ደናግል ቢከለክሉም ከሰነፎቹ የወሰዱት ነገር አልነበረም። እኔ ባለ ዕዳ ሆኜ ነው አምፖል ይዤ ለመመጽወት የሄድኩት።

ባለቤቴ «ከተማው ሁሉ ይጮኻል፣ አንተ ብቻ ነህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ደብር ድምፅ ማጉያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲጀምር ሐጂን እንደሚቀሰቅሳቸው አውቃለሁ፤ በሃያ ዓመት አንዴም አላነሱብኝም። ያ ግን ሒሳቤን አከበደው እንጂ አላቀለለውም።

ጀነሬተሯን ወደ ግቢው መሃል ጎትቼ ጭሷን ወደ ራሴ በር አዞርኩት፤ እኛ ደግሞ መስኮታችንን ዘግተን ወደ ጓዳ በኩል ተሰባሰብን። ማታ 12 ሰዓት ከ35 ሲሆን አጠፋኋት። ልጄ እርሳሷን እንደያዘች ጨለማው ውስጥ «አባ፣ ምን ሆነች?» አለች። ዝም በይ አልኳት። አዛኑ መጣ፤ ቀጥሎ ከአጥሩ ወዲያ የሳህን ድምፅ፣ ሳል፣ «ቢስሚላህ»።

አሥር ደቂቃ ቆይቼ ገመዱን ሳብኩ። እምቢ። ደግሜ ሳብኩ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ትከሻዬ ተገነጠለ።

«ቾኩን መልሰው!» አሉ ሐጂ ከወዲያ፣ ቴምር በአፋቸው ይዘው። «ሞተሩ ሙቅ ነው እኮ፣ ቤንዚን አጥለቀለቅኸው!»