ጦርነት ሲጣፍጥ

ጦርነት ያላየ ሰው ስለ ጦርነት መዝፈን ይችላል ወይ? ይሄ ያረጀ ጥያቄ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ነው፤ ዘፈኑ በጣም ቢያምርስ?

«ቦልት ትሮወር» የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነበረ። ዴዝ ሜታል የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጊታሩ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚንገጫገጭበት፣ ድምፃዊው የሚያጓራበት። (የማያውቁት ካሉ ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ ይሞክሩት።) የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 በኮቨንትሪ ነው። ከተማዋን የጀርመን አውሮፕላኖች በኖቬምበር 1940 በአንድ ሌሊት አጋይተዋታል፤ የካቴድራሏ ፍርስራሽ ዛሬም እንዳለ ቆሟል። ባንዱ ስሙን ያገኘው ግን በትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ከሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ልጆቹ ወደ ጦርነት የገቡት በአሻንጉሊት በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ድምፃዊው ካርል ዊሌትስ ሄዶ፣ ሌላ ሰው ተተክቶ፣ በ2004 ተመለሰ። በ2005 «በአንድ ወቅት ታማኝ የነበሩት» የሚል ትርጉም ያለው አልበም ወጣ። ሽፋኑ ላይ ለንደን ውስጥ ካለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐውልት የተወሰደ ቅርጽ አለ፤ መድፍ የሚተኩሱ ወታደሮች። አድማጩ «ወደ ጥንቱ ብቃታቸው ተመለሱ» አለ። እውነቱን ነው፤ ግሩም አልበም ነው። ግን ምን ማለት ነው ይሄ ምስጋና? ምሽግ ውስጥ የሚያልቀው ሰው እንደገና ጣፈጠልን ማለት አይደለም? የከሸፈ የጦርነት ዘፈን ማንንም አያነሣሣም። ኃጢአቱ፣ ካለ፣ ያለው ብቃቱ ላይ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርም ይሄው ነበር። ተማሪው የሰላሙ ምዕራፍ ላይ ያዛጋል፤ እልቂቱ ሲጀምር ክፍሉ ፀጥ ይላል።

እኛስ ብንሆን? ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ የቢሮ ሰው ሽለላ ሲሰማ ፀጉሩ ይቆማል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከየቴሌቪዥኑ ይለቀቅ የነበረውን የዘመቻ ዘፈን ያስታውሷል። ደም ያሞቅ ነበር፤ የማን ልጅ ደም እንደሚፈስ ግን አይናገርም። የጥንቱ ፎካሪ ቢያንስ በስሙ ይቆማል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ጣለ ይቆጥራል። የእንግሊዞቹ ወታደር ስም የለውም፤ ጠላቱም አገር የለውም። ደጋፊዎቻቸው «ስለዚህ ማንንም በማንም ላይ አያስነሡም» ይላሉ። በከፊል እቀበላለሁ። ነገር ግን ስም የሌለው ሟች ለመዝፈንም ይመቻል፤ እናት የለችውማ!

ባንዱ ከዚያ በኋላ ሌላ አልበም አላወጣም። የጀመሩት ነበር፤ ከዚህኛው አይበልጥም ብለው ተዉት። እንዲህ ያለ ጨዋነት በሙዚቃ ነጋዴ ዘንድ ብርቅ ነው። በ2015 ከበሮ መቺያቸው ማርቲን ከርንስ በ38 ዓመቱ በድንገት ሞተ። በሌላ ሰው አልተኩትም፤ በዓመቱ ባንዱ ተበተነ።

እኔ አልበሙን አሁንም እሰማዋለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ።