ስሚዝ በእንግሊዝ፣ ቀጥቃጭ በወለቃ

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ጎረቤቶቻችን ግን ቤተ እስራኤል ነበሩ። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ እንስራና ምጣድ ይሠሩ ነበር። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በእነሱ ምጣድ ነበር። እንጀራውን እየበላን ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያልን እንፈራቸው ነበር።

በእንግሊዝ አገር ግን እጅግ የበዛው የቤተሰብ ስም ስሚዝ ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ፖተርም ሸክላ ሠሪ ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሩን ከያዙ በኋላ በተከተሉት መቶ ዓመታት የአያት ሙያ የልጅ ልጅ መጠሪያ ሆኖ ጸና። ዛሬ ስሚዝ የሚባል ዳኛ በስሙ አያፍርም።

እኛ ዘንድ ሙያ ስም አይሆንም። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ቅድመ አያቱን የሚያነሣው ሰባት ቤት ሲቆጠር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም። ሙያው ስም ሳይሆን ስድብ ሆኖ ግን ተወረሰ። መዶሻ ይዞ የማያውቅ ልጅ እንኳ በአባቱ ከውር ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ ሰውን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ነገሩ አልተነቀለም።

ታዲያ ሰውን የመሰየም ሥልጣን የማን ነው? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሥራ ሲያዝ አንድ ባለሙያ በስሙ ይጠራል፤ ባስልኤል፣ የኡሪ ልጅ፣ የሆር የልጅ ልጅ። ልክ እንደ እኛ አጠራር፣ ከነአባቱ ከነአያቱ! ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራም መንፈሱን ይሞላበታል። ታቦቱን የሠራው ይኸው ሰው ነው። ለታቦት የሚሰግድ ሕዝብ ብረት የሚያቀልጠውን መናቁ ድፍረት ነው እላለሁ፤ እግዚአብሔር በስሙ የጠራውን በስድብ መጥራት ነውና።

ጎረቤቶቻችን ሄደዋል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ብቻ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። እዚያም ሲመዘገቡ የብዙዎቹ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ልጆቹ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ስድቡ ግን እዚሁ ቀርቶ ሌሎች ባለ እጆችን ያሳድዳል።

ካህናት አባቶቼ ሆይ፣ «ቡዳ» የሚለው ቃል አሁንም በሚሰማበት ደብር ሁሉ ይህን የዘጸአት ምዕራፍ አንብቡልን፤ ባስልኤል ማን እንደነበረም ለምእመናን አስተምሩ።