የብርን ማኅደር ስለ መስበር

ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁሉ አስቀድሞ በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እውነተኛ ነውን?» የሚል ነው። ጠገራ ብር በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ባሉ ገበያዎች በሚሠራበት ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የተቀባዩ ዐይንና ጣት ነበረ። ባላገሩ በሬውን ሸጦ ዋጋውን ሲቀበል በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ራስ ላይ ያለውን ዕንቍና በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ ይመረምራል፤ ምልክቱ ጠፍቶ ወይም ደብዝዞ ያገኘው እንደ ሆነ ብሩን ይመልሳል። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ይህን ጥንቃቄ እየተደነቁ ጽፈውታል።

ይሁን እንጂ በዚህ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ራሱ እውነት አልነበረም። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በቪየናም በሌሎች ከተሞችም ሲመታ እስከ ዛሬ የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። እንግሊዞች በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ አስመትተው ያመጡት አዲስ ብር እንኳ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ መስሎ ታየ። ስለዚህ ነገር ግን የተታለለ ሰው የለም። ባላገሩ የሚሻው ሃያ ስምንት ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833 እጁ ጥሩ ብር የሆነ ገንዘብ ነው፤ ያንም አላጣም።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ ወዲህ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ የሰብሳቢዎች ሀብት ሆነ። ሰብሳቢም ብሩን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሳይዳስሰው ከሩቅ አገር ነውና የሌላ ሰው ምስክርነት ያሻዋል። ስለዚህ በአሜሪካ በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በ1987 ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የሚባሉ ድርጅቶች ሥራ ጀመሩ። እነዚህም ዋጋ ተቀብለው ገንዘቡን ይመረምራሉ፤ ከ1 እስከ 70 ባለው ቍጥር ደረጃውን ይወስናሉ፤ ከዚያም ቍጥሩን ከጻፉበት ወረቀት ጋር በጠንካራ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ያሽጉታል። ማኅደሩ ካልተሰበረ አይከፈትም፤ ከተሰበረም የድርጅቱ ዋስትና ይቀራል።

እንግዲህ ባለቤቱ ይህን ማኅደር ሊሰብር ይገባዋልን? ብሩን በእጁ ሊይዘው ወዶ የሚሰብር ሰው ነቀፋ የለበትም። አንዳንዶች ማኅደሩን ከነጭራሹ ለመንቀፍ መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ ይጠቅሳሉ፤ ምሳሌው ግን እዚህ አይገባም፤ ባሪያው የተወቀሰው ስላላተረፈበት ነው እንጂ መክሊቱን ስላልዳሰሰው አይደለም።

ቍጥሩ አንሶብኛል ብሎ ሰብሮ እንደ ገና የሚልክ ሰው ነገር ከዚህ ይከብዳል። መርማሪም ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ይግባኝ ማለትም ነውር አይደለም። ነገር ግን ምስክሩ እንደ ልቡ እስኪናገርለት ድረስ አምስት ጊዜ የሚያስጠይቅ ባለ ጉዳይ እውነትን ይፈልጋል ለማለት ያስቸግራል። ደግሞም የቀድሞውን ወረቀት ለድርጅቱ ካልመለሰ አንዱ ብር በመዝገብ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይቈጠራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በጐንደር አገር ሴቶች ጠገራውን ጆሮ አስበይደው በአንገታቸው ያስሩት ነበር። ጆሮው በተነቀለ ጊዜ በብሩ ጠርዝ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ አንጥረኛ በሞረድ ቢያስተካክለውም የመርማሪ ዐይን ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ብር ለምርመራ ሲላክ ቍጥር ይነፈገዋል፤ በቍጥሩ ፈንታ ማንጠልጠያ የነበረው መሆኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ማኅደሩን በመዶሻ ሰብሮ፣ ወረቀቱን አቃጥሎ፣ ብሩን ከአያት ሣጥን እንደ ወጣ አድርጎ ለማያውቅ ገዢ ቢያቀርበው በአፉ የተናገረው ሐሰት ላይኖር ይችላል። «ብሩ የእኔ ነው፤ ማኅደሩም የእኔ ነው፤ ገዢውም ዐይን አለው» ይላል።

ብሩ የእርሱ መሆኑስ እርግጥ ነው። ነገር ግን ብሩን ከመላኩ በፊት ዝም ቢል ዝምታው አለማወቅ ነበረ፤ ምስክሩ ከተናገረ በኋላ ግን ያው ዝምታ ሌላ ነገር ሆኗል። ወረቀቱ ይቃጠላል እንጂ ዕውቀቱ አይቃጠልም። ማኅደሩን የሰበረ ሰው ምስክሩን ስላሰናበተ የምስክሩ ግዴታ በእርሱ ላይ ወደቀ፤ ገዢው ከፕላስቲኩ ላይ ያነበው የነበረውን አሁን ከሻጩ አፍ ሊሰማው ይገባል።

የሚያሳዝነውም የተሸሸገው ጠባሳ ነውር አለመሆኑ ነው። ድርጅቱ ጕድለት ቢለውም ብሩ በጉና ሰዎች መካከል እንደ ኖረ የሚመሰክርለት እርሱ ብቻ ነው። ከቪየና ወጥቶ ሰው ያልነካው ጠገራ በብዙ አገር ይገኛል፤ የአንዲት ሙሽራ አንገት ያጌጠበትን ብር ፈልጎ የሚገዛ ሰውም አይጠፋም፤ ይህም የሚሆነው ታሪኩ ሲነገረው ነው።

ማኅደሩን ከሰበሩ በኋላ ወረቀቱን ከብሩ ጋር የሚያኖሩ ሰብሳቢዎች አሉ። ብሩ ቢሸጥ ወይም ለልጅ ቢተላለፍ፣ ጨርቁን የፈታው ሰው ሁለቱን አብሮ ያገኛቸዋል።