«አልፈሻል» ከተባለ በኋላ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ብሂል ጨካኝ ነው። ቃልን ከልጅ ሕይወት በላይ ያስቀምጣል። አባቶቻችን ይህን ያሉት ግን ልጅ ጠልተው አይደለም፤ ቃል በሚታጠፍበት አገር ልጅም ደኅና ሆኖ እንደማያድግ ስላወቁ ነው። ብድር ያለ ወረቀት የሚሰጠው፣ ዋስ የሚጠራው፣ ሽምግልና የሚሰምረው የተነገረ ቃል ስለሚጸና ነው።

ለመሆኑ ይህ ብሂል የሚሠራው ለግለሰብ ብቻ ነው ወይስ ለመሥሪያ ቤትም ጭምር? አንድ መሥሪያ ቤት «አልፈሻል» ብሎ ስም ካወጣ በኋላ መለስ ብሎ «አላለፍሽም» ቢል፣ ቃሉን አጠፈ እንበል ወይስ ስህተቱን አረመ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስናየው ግን የእውነትና የመተማመን ጥያቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስኪደው። አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ እናስብ። ለጨዋታችን የፈጠርናት ስለሆነች ስም አንሰጣትም፤ አገር ግን እንስጣት። ከሚሴ ትሁን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። ልጅቷ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን በኦሮምኛ ተማረች፤ ከክልሉ ቢሮዎች ጋር የምትነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን የተፈተነችው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ውጤቱ ሲወጣ «አልፈሻል» ተባለች። ቤተሰብ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ጎረቤት መረቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ዝርዝር ተመልሶ ሲታይ ከስሟ ትይዩ ያለው ቃል ተለውጧል። ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ «እህቴ፣ እኛ ምን እናድርግ? ሲስተሙ ነው» አሏት።

እንግዲህ ይህች ልጅ ምን ማለት ይገባታል? ብዙዎቻችን በእሷ ቦታ ብንሆን የምንለው አንድ ነው፤ «የሰጣችሁኝን መልሱልኝ!» ሰው ነንና ይህን ብንል አይገርምም። ዳሩ ግን አቤቱታው ከሥሩ ደካማ ነው። ለምን ቢሉ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከልጅቷና ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለች። ይህቺኛዋ ፈተና አልተፈተነችም፤ ዝርዝሩንም አላየችም። ምናልባት ከጅሌ ጥሙጋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰድ፣ ምጥ የያዛት ሴት ናት። የሙያ ፈቃድ ማለት ለዚህች ሴት የተገባ ቃል ነው፤ «የሚቀበልሽ እጅ የተመዘነ ነው» የሚል ቃል። ውጤቱ እውነት ካልነበረ፣ ለአዋላጇ የተነገረው «አልፈሻል» ለምጧ ሴት የተገባውን ቃል ያፈርሳል። ሁለቱ ቃሎች ከተጋጩ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። በዚህ በኩል ብሂሉ አልረዳንም። በስህተት የተሰጠ ውጤት ቢለወጥ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ስህተቱን እያወቁ ዝም ማለት ነው ነውሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ማለት ነው፣ ሊከፈለው የማይገባ ገንዘብ የተከፈለው ሰው እንዲመልስ ያዛል። «ሰጥተኸኝ ነበርና የኔ ነው» ማለት አያዋጣም። ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ? አላለቀም። ገንዘቤን በስህተት ሰጥቼሃለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ስህተቱን ማሳየት አለበት። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም በሚገናኝበት በዚያ ቦታ፣ አንድ የበሬ ሻጭ ብሩን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ «ጎድሏል» ቢል ምን ይባላል? «በፊታችን ቁጠረው» ይባላል። ከጓዳ ገብቶ ብቻውን ቆጥሮ ቢመጣ የሚያምነው የለም። ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያውን ቆጠራ የቆጠረውም እሱ ራሱ ነበር።

የክርክሩ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ውጤቱን የለወጠው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውንም ውጤት የሰጠው ያው መሥሪያ ቤት ነው። ማኅተሙ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ሠራተኛውም አንድ። «ትናንት ተሳስቼ ነበር» ባለ ቁጥር ከትናንቱ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ከዛሬውም ላይ እምነት ይቀንሳል። ትናንት የሳተ እጅ ዛሬ እንዳልሳተ በምን እናውቃለን? ስለዚህ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው የበለጠ ማስረጃ ይዞ መምጣት አለበት። የመጀመሪያው በማኅተም ብቻ ቢታመን፣ ሁለተኛው በማኅተም ብቻ ሊታመን አይችልም። የማስረዳት ሸክሙም ቃሉን በለወጠው ላይ ይወድቃል እንጂ ቃሉን አምና ቤተሰቧን በሰበሰበችው ላይ አይወድቅም።

አንባቢ «ታዲያ ማስረጃው ምን ይሁን?» ቢል መልሱ እንደ ለውጡ ዓይነት ይለያያል። ውጤት በሦስት መንገድ ሊለወጥ ይችላልና።

የመጀመሪያው የእርማት ስህተት ነው። የምርጫ ጥያቄ የሚታረመው በማሽን ነው። ማሽኑ ነርስነት አያውቅም፤ የሚያነበው የጠቆረ ክብ ብቻ ነው። የአንዱን ኮድ ፈተና በሌላው ኮድ መልስ ካረመው ጎበዙን ይጥላል፣ ሰነፉን ያሳልፋል። ይህ የመዝገብ ስህተት ስለሆነ ማስረጃውም ቀላል ነው። የመልስ ወረቀቷን፣ ትክክለኛውን የመልስ ቁልፍና ድምሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው የማለፊያ ነጥብ መለወጥ ነው። ከባድ የሙያ ፈተናዎች ላይ የማለፊያው ነጥብ ከሰማይ አይወርድም። የሙያው ሰዎች ተቀምጠው «ለሥራው ልክ የሚበቃ ጀማሪ ይህን ጥያቄ ይመልሰዋል ወይ?» እያሉ ጥያቄ በጥያቄ ተመካክረው ይወስኑታል። ይህ ምክክር መደረግ ያለበት ውጤት ከመገለጹ በፊት ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ ያለፈው ሰው በዛ ወይም አነሰ ተብሎ ነጥቡ ቢነሣ፣ ያ እርማት አይባልም፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የግቡን ቋሚ ማንቀሳቀስ ነው።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው፤ «ኮርጃለች፣ አስኮርጃለች» የሚል። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። የቁጥር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የስም ጉዳይ ሆኗልና። ተከሳሹ ሳይሰማ በክስ ላይ መፍረድ በየትኛውም አገር ወግ ነውር ነው። የወሎ አበጋሮች እንኳ በዛፍ ጥላ ሥር ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ቃል አይሰጡም። ዘመናዊ ቢሮ ከዛፍ ጥላ አንሶ መገኘት የለበትም።

«ሲስተሙ ነው» የሚለው መልስ ኃጢአቱ ሦስቱንም ደባልቆ መሸፈኑ ላይ ነው። ልጅቷ ማሽን ይሳሳትባት፣ ሰው ይፍረድባት፣ ስሟ ይጠርጠር አታውቅም። ምን ብላ ትከራከር?

ስህተት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በብሪታንያ የንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጆች ፌዴሬሽን በሚሰጠው የአባልነት ፈተና የሁለተኛው ክፍል ጽሑፍ ላይ 1,451 ሐኪሞች ተቀምጠው ነበር። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 2025፣ ፌዴሬሽኑ ጉድ ይዞ ብቅ አለ። 222 ሐኪሞች ወድቃችኋል የተባሉት አልፈው ኖሯል፤ 61 ደግሞ አልፋችኋል የተባሉት ወድቀው ኖሯል። ያ ሁሉ ጊዜ አልፎ፣ ሰው ሕይወቱን በውጤቱ ላይ ከገነባ በኋላ! የተፈጸመው በደል በይቅርታ የሚጠገን አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቁጥሩ ለሕዝብ ተነገረ፤ ስህተቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑም ታመነ። በናይጄሪያም በግንቦት 2025 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቦርድ በሌጎስና በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች የ379,997 ተፈታኞች ውጤት መበላሸቱን አምኖ እንደገና እንዲፈተኑ አደረገ። የቦርዱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኢስሐቅ ኦሎየዴ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሱ። እንባው ውጤት አይመልስም። ስህተቱ የት እንደተፈጠረና ማንን እንደነካ መነገሩ ግን ተፈታኙን «ራስህን ጠርጥር» ከሚል ፍርድ አድኖታል።

እኛም ብንሆን ምክንያት ሲነገረን መሸከም የማንችል ሰዎች አይደለንም። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ በዕለቱ ሲሰረዝ፣ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ተናደደ፣ አለቀሰ፤ ከወር በኋላ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ምክንያቱ ታውቋል፤ ዕጣውም የሁሉ ነበር። ብቻዋን ዝርዝር ላይ ቃሏ የተለወጠባት ልጅ ግን ምክንያትም አጋርም የላትም።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባልበት ዘመን፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ አልፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ውሳኔው በፍርድ ቤት የሚከለስበትንም በር ከፍቷል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ከከሚሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ ከሥራ መቅረት አለ። ባሕር ዳር በመኪና ከዚያም ይርቃል። በዚህ ላይ በኦሮምኛ የሚብሰለሰለውን ብሶት በአማርኛ ጽፎ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ ፈተና መከራከር አለ። አቤት ማለት የሚችለው የመንገድ ገንዘብ ያለው ብቻ ከሆነ፣ መብቱ የኪስ መብት ሆነ ማለት አይደለም? መሥሪያ ቤቱ ውጤቱን ሲሰጥ ከሚሴ ድረስ በስልክ መስኮት መላክ ከቻለ፣ ምክንያቱንም በዚያው መንገድ መላክ አያቅተውም።

«ወረቀቱን ብናሳይ የጥያቄ ባንካችን ይባክናል» የሚሉ ኃላፊዎች ይኖራሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ግን መፍትሔ የሌለው አይደለም። ጥያቄውን አደባባይ አውጡ ያለ የለም። ባለጉዳይዋ በተዘጋ ክፍል፣ ታዛቢ ባለበት፣ የራሷን መልስ ብቻ ትይ። ያም ካስፈራ፣ የመጀመሪያውን እርማት ያላረመ ገለልተኛ ባለሙያ ይየውና ያየውን በጽሑፍ ይስጣት።

አሁን ወደ ምጧ ሴት ልመለስ። መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ አቤት ባዩን ዝም የሚያሰኙት በእሷ ስም ነው፤ «የሕዝብ ደኅንነት ነው» እያሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከብሪታንያው ቁጥር አንድ ትምህርት እንውሰድ። 222ቱን የጣለውና 61ዱን ያሳለፈው ስህተት አንድ ነው። ያለ አግባብ የወደቀው «አሳዩኝ» ሲል የሚከፍተው መዝገብ፣ ያለ አግባብ ያለፈውንም የሚያጋልጥ መዝገብ ነው። ያለፈ ሰው «ምናልባት በስህተት አልፌ ይሆናል፣ ተመልከቱልኝ» ብሎ ቢሮ አይሄድም። ስለዚህ ለምጧ ሴት የሚጮህላት ብቸኛ ሰው የተከፋችው ተፈታኝ ናት። እሷን ዝም ማሰኘት የሁለቱንም አፍ መዝጋት ነው።

ይህ ሁሉ ለአቤት ባይዋም ግዴታ ያመጣባታል። «መልሱልኝ» ማለትን ትታ «አሳዩኝ» ማለት አለባት። በሁለቱ ቃሎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ጥቅም ይጠይቃል፤ ሁለተኛው እውነት። እውነት የጠየቀ ሰው ደግሞ የሚመጣውን እውነት ለመቀበል አስቀድሞ መቁረጥ አለበት። ወረቀቱ ተከፍቶ፣ ቁልፉ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ድምሩ በፊቷ ተቆጥሮ መውደቋ ከተረጋገጠ፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ጎረቤት መርቋል ብላ ልትከራከር አይገባም። ያን ጊዜ ከቢሮው ወጥታ፣ የከሚሴን መኪና ተሳፍራ፣ ቤቷ ስትደርስ መጽሐፏን ገልጣ ለሚቀጥለው ፈተና ማንበብ ነው ያላት። ቆጠራው በፊቷ እስኪደረግ ድረስ ግን ቢሮው ደጃፍ ላይ መቆሟ ክብሯ ነው።