ስለ አውሬውና ስለ ደላላው

ሰው ይልቁን ሊፈራ የሚገባው አውሬን ነው ወይስ ሰውን? ይህ ጥያቄ በወላይታ ሶዶ ከወጣቶች ጋር ስለ አንድ ፊልም ስንጨዋወት ተነሣ። ከፊልሙም ይልቅ የራሳችንን ኑሮ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት፥ የመሰለኝን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ፊልሙ ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው «ኤሊየንስ» ነው፤ ሪድሊ ስኮት በ1979 ለሠራው «ኤሊየን» ተከታይ መሆኑ ነው። ሪፕሊ የተባለች ሴት ከአንድ አስፈሪ አውሬ አምልጣ፥ በጠፈር መርከብ ውስጥ 57 ዓመት ተኝታ ትገኛለች። እርስዋ ተኝታ ሳለች የአውሬው እንቁላል ባለበት ዓለም ስልሳ ሰባ የሚሆን ቤተሰብ ሰፍሮበታል። በርክ የሚባል የኩባንያ ሰው ታሪኩን ከርስዋ ከሰማ በኋላ፥ ሰፋሪዎቹ ወደ ስፍራው ሄደው እንዲመለከቱ ትእዛዝ ላከ፤ የሚጠብቃቸውን አደጋ ግን አልነገራቸውም። ቢናገር ኖሮ ሌሎች ጣልቃ ገብተው ጥቅሙን ይካፈሉት ነበርና። ሰፋሪዎቹም አለቁ፤ ተደብቃ የተገኘች ኒውት የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ቀረች።

እንግዲህ እንመርምር። አውሬው የሚገድለው ተፈጥሮው ስለ ሆነ ነው፤ ክፉና ደጉን የሚመዝንበት ልቡና የለውም። በርክ ግን መዘነ፤ መዝኖም የሰውን ነፍስ ከትርፉ አቀለላት። ስለዚህ ከሁለቱ የሚከፋው እርሱ ነው እላለሁ።

ከወጣቶቹ አንዱ፥ «በርክ በእጁ ማንንም አልገደለም፤ እግራቸውን አንሥተው የሄዱት ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው» ሲል ተከራከረኝ። ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ፈቃድ ከማወቅ በኋላ የሚመጣ ነው። ጕድጓድ መኖሩ ሳይነገረው በጨለማ የሚሄድ ሰው ለመራመድ ፈቀደ እንጂ ለመውደቅ አልፈቀደም።

ይህም በጠፈር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከሐዲያ፥ ከከምባታና ከወላይታ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፥ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ከቤታቸው ይወጣሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ በገባ የጭነት መኪና ላይ፥ ኮንቴይነር ተዘግቶባቸው 64 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። የገደላቸው አውሬ አይደለም፤ የአየር እጦት ነው። «መንገዱ ቀላል ነው» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ኮንቴይነሩንም፥ በረሀውንም፥ እስር ቤቱንም ያውቃል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የርሱ ዝምታ በእርግጥ ወርቅ ያስገኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሪፕሊም አደጋውን ታውቃለች፤ በዓይንዋ አይታዋለችና ከበርክም አብልጣ ታውቃለች። በመጨረሻ ስፍራው ሊፈነዳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ አውሬዎቹ የወሰዱባትን ኒውትን ፍለጋ ተመልሳ ገባች። በርክ ወደሚያውቀው አደጋ ሌሎችን ላከ፤ እርስዋ ግን ራስዋ ሄደች።

«ይህ የፊልም ወሬ ነው» የሚል ቢኖር፥ የአስተዳደር መቀመጫው ወላይታ ሶዶ በሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሆነውን ያስብ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶቻቸው ቆፍረው ሊያወጧቸው ሮጡ፤ በዚያው ሳሉ መሬቱ ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ነበሩ። ተራራው አንድ ጊዜ መናዱን እያዩ የገቡ ናቸውና፥ አላወቁም ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አደጋን ማወቅ ዕዳ መሆኑን አስተውል። ዝም የሚለው ደላላው ብቻ አይደለም፤ ተሰዶ የቀናውም ያሠራውን ቤት ያሳያል እንጂ፥ በመንገድ የቀሩትን ጓደኞቹን አያነሣም። ሁሉ ሰው ወደ ተናደ ተራራ እንዲሮጥ አይጠየቅም፤ የሚያውቀውን መናገር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም። ጎረቤትህ ለመሄድ ሲሰናዳ ብታይ የምታውቀውን ሁሉ ሳታስቀር ንገረው። ከሰማ በኋላ ቢሄድም ቢቀርም፥ ያን ጊዜ በእውነት የራሱ ፈቃድ ይሆናል።