ስለ ሩቅ ቃልና ስለ ቅርብ ባልንጀራ

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ጸጋ ሁሉ አንዱና ታላቁ ቃል ነው። እንስሳ በእግሩ ከሰው ይፈጥናል፤ ወፍም በክንፉ ይበልጠዋል፤ ሰው ግን እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ቃሉ ይሄድለታል። ጥንት ቃሉን በመልእክተኛ እግር፥ ኋላም በደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ገመድ በሞገድ ይልካል። ይህም ሞገድ እንደ ብርሃን ፈጣን ስለ ሆነ በአንዲት ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ነገር ግን ቃል ምን ያህል ፈጠነ ብሎ ከመደነቅ አስቀድሞ፥ የፈጠነው ቃል ሰውን ከሰው አቀረበውን ወይስ አራቀው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1886 ዓ.ም. የስልክ ሥራ በአገራችን በተጀመረ ጊዜ፥ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥራውን አልተዉም። እነዚያ ካህናት አዲስ ነገርን መመርመራቸው ደግ ነበር፤ ዳሩ ግን ክፋቱን በሽቦው ውስጥ ፈለጉት። ሽቦ የሰጡትን ይወስዳል እንጂ ከራሱ አንዳች አይናገርም።

ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ለብዙ ጊዜ የከተማ ሰው ሀብት ሆኖ ቆየ። ለዚህም ምክንያት አለው። የገጠር ቤት ተራርቆ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በየደጁ ገመድ መቅበር ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በከፍታ ላይ የቆመ አንድ ማማ ግን ያለ ገመድ ለብዙ ቤት ይዳረሳል። በከምባታ ምድር እንደምትገኘው እንደ ሀደሮ ባለ፥ ጎጆው በእንሰት መካከል በተሠራበት አገር ይህ ዘዴ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ሞገዱ በርቀት ይደክማል፤ ኰረብታም ይጋርደዋል፤ ስለዚህ በሸለቆ ያለው ሰው በጉብታ ላይ ያለው የሚሰማውን ላይሰማ ይችላል። ደግሞም መብራትና ለካርድ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው፥ «ለድኻ አስቀድሞ እህልና ውኃ ይሰጠዋል እንጂ ኢንተርኔት ምን ይጠቅመዋል?» ይላል። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ የሀደሮን ዝንጅብል ያየ ግን እህልና ወሬ የተያያዙ መሆናቸውን ያስተውላል። ሀደሮ በዝንጅብሏ የታወቀች ናት። በ2004 ዓ.ም. ግድም የሚያጠወልግ በሽታ ተነሥቶ የደቡቡን ዝንጅብል አጠፋ። ይህም በሽታ በታመመ ዘር ይተላለፋል። ወሬው ሳይደርሰው ያን ዘር የገዛ ገበሬ፥ ጥፋቱን በገንዘቡ ገዝቶ በገዛ እጁ ተከለው ማለት ነው። እንዲሁም ነጋዴው የአዲስ አበባን ዋጋ እያወቀ ገበሬው ሳያውቅ ቢቀር፥ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ግብይቱ ያዘነብላል። እንግዲህ ዕውቀትን ለገጠር ሰው ማድረስ ከምጽዋት ይልቅ ወደ ፍርድ ይቀርባል፤ ሚዛንን ማቃናት ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ፥ ከሐዲያና ከከምባታ፥ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሰደዳሉ። በስልክ ውስጥ የሚመጣላቸው ሥዕል የተሠራ ቤትና የተገዛ መኪና ነው፤ የመንገዱ ረኃብና እስር ግን ፎቶግራፍ አይነሣም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ አውራጃ፥ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። ይህን የሚያስብ አባት፥ «ማማው ባይተከል ይሻል ነበር» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ደላላ ኢንተርኔት ሳይኖርም በእግሩ ይመጣ ነበር። ማማው ቢወድቅ የሚጠፋው የሄደው ልጅ ድምፅ ነው፤ ደላላው መንገዱን ያውቀዋል። ሐሰት በፈረስ ሲመጣ እውነትን በእግር መስደድ ደግ አይደለም፤ እውነትንም በፈረስ ላይ ማስቀመጥ ነው እንጂ። ከመንገድ የተመለሰው ወጣት ያየውን ቢናገር፥ አባቶችም በከምባትኛና በሐዲይኛ በዚያው መሣሪያ ቢመክሩ፥ ወጣቱ ሁለቱን ቃል አመዛዝኖ ይመርጣል። አንዱን ብቻ የሰማ ግን መረጠ አይባልም፤ ተመራ እንጂ።

ሦስተኛው ነገር የጎረቤት ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ በቴሌብር ይላካል። ልጇ ከአዲስ አበባ የላከላት እናት ፊደል ያልቆጠረች ብትሆን፥ ምስጢር ቍጥሯን ለጎረቤቷ ልጅ ነግራ ታስከፍተዋለች። ገንዘቡ ከሩቅ በቅጽበት መጣ፤ ከስልኩ እስከ እጇ ያለችው ጥቂት መንገድ ግን በዚያ ልጅ ታማኝነት ላይ ቆመች። ልጁ ሌባ ቢሆን የሞገዱ ፍጥነት ምን ይረባታል?

በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ ቅኔውን ሰማ አይባልም። የዚህም ነገር ሰሙ ፍጥነት ነው፤ ወርቁ መተማመን ነው። መንግሥትና ድርጅቶች ሰሙን ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ግዴታቸውም ነው፤ የሸለቆውንም ሰው ሊረሱት አይገባም። ወርቁን ግን ከቤተ ሰብ፥ ከዕድር፥ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የሚያቀርብ የለም።

ስለዚህ ኢንተርኔት የገባለት ሰው የዕለቱን ዋጋ ላልገባለት ጎረቤቱ ያንብብለት፤ የተማረ ልጅ የመበለቲቱን ምስጢር እንደ ኑዛዜ ይጠብቅ፤ ከሩቅ ልጁ ጋራ የሚነጋገርም በአጥሩ ማዶ ልቅሶ ሲሰማ ስልኩን አኑሮ ይነሣ።