የፊያት ስም የማን ነው?

በየዶርሙ ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ጣሊያን ባይመጣ ኖሮ መኪናውንም መንገዱንም የት እናየው ነበር!» ይላል። ሌላው ወገን የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ «አያቶቻችንን ሊፈጅ የመጣበትን መኪና ልታመሰግን ነው እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ።

እኛ ከሁለቱም ወገን ጋር መስማማት አቅቶናል። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ወንድማማች ናቸው፤ የመኪናውን፥ የፋብሪካውንና የመንግሥቱን ሒሳብ በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። አንደኛው በመኪናው ጥሩነት የወራሪውን ዕዳ ይሰርዛል። ሁለተኛው በወራሪው ዕዳ ምክንያት የመኪናውን ጥሩነት ይክዳል። ለመሆኑ አንድ ዕቃ የሠሪውን ኃጢአት ይሸከማልን? ዕቃው በአገልግሎቱ ያፈራው መልካም ስምስ የማን ሀብት ነው? ክርክሩ ሜዳ ላይ እንዳይበተን ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ስም ይዘን እንነጋገር፤ ፊያትን። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በራሳችን አቈጣጠር እናደርገዋለን።)

ፊያት በ1891 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን በቶሪኖ ከተማ ተቋቋመ። አራቱ ፊደሎች «የጣሊያን የአውቶሞቢል ፋብሪካ፥ ቶሪኖ» የሚለውን ስም ያሳጥራሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጆቫኒ አኜሊ ሳይውል ሳያድር ዋናው ሰው ሆነ። በ1915 ዓ.ም. ሊንጎቶ የተባለው ባለ 5 ፎቅ ፋብሪካ ተመረቀ፤ መኪናው ከምድር ቤት ተጀምሮ እየተገጣጠመ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ላይ በተሠራው መሮጫ ይፈተን ነበር። ጣሪያ ላይ መኪና መንዳት! በዚያን ጊዜ የዓለም መደነቂያ ነበር። በዚያው ዓመት አኜሊ በሙሶሊኒ አገዛዝ ሥር ሴናተር ሆነ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጣችን በከንቱ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጦር ከዓድዋው ጦር የሚለየው በሞተሩ ነው። ካሚዮኖቹ ሁሉ ፊያት አልነበሩም፤ አሜሪካ ተሠርተው የተገዙም ነበሩባቸው። ነገር ግን ፊያት 634 የተባለው ከባድ የናፍጣ መኪና ስንቁንና ጥይቱን ያመላልስ ነበር፤ ፊያትና አንሳልዶ በጋራ የሠሯቸው ትንንሽ ታንኮችም ከፊት ይቀድሙ ነበር። በታኅሣሥ ወር በሽሬ ግንባር ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች በእነዚያ ታንኮች ላይ ዘለው እየወጡ ድል አድርገዋቸዋል። እንግዲህ ከጎጃም የዘመተው ገበሬ ከፊያት ጋር የተዋወቀው በዚህ ዓይነት ነው፤ እሱ ከላይ፥ ፊያት ከታች።

ወደ እኛ አገር የመጣው በሌላ በር ነው። የፋሺስቱ ፓርቲ ጸሐፊ ስታራቼ የሚመራው በካሚዮን የተጫነ ጦር ከአስመራ ተነሥቶ መንገድ እየጠረገ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በሚቀጥለው ወር ደብረ ታቦርም ተያዘች። እዚህ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ሰኔ 29 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ፋብሪካው ምን አደረገ? ነጋዴ ነው፤ መንግሥት አዘዘው፥ ሠራ፥ ሸጠ» የሚል ጓደኛ አናጣም። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ ልናልፈው አንፈልግም፤ ምክንያቱም የራሳችን ከተማ ተመሳሳይ ጉዳይ አይታለች። ጋፋት ከዚህ በእግር የሚኬድበት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል ሥራ የመጡትን አውሮፓውያን ባለእጆች፥ እነ ዋልድማየርንና ሳልሙለርን፥ ጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። ሰዎቹ «ይህ ሙያችን አይደለም» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ሞክረው፥ ከሽፎባቸው፥ እንደገና ሞክረው በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መንገድ እያስቆረጡ፥ ያንን መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ አምባው ላይ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከዚህ እስከ መቅደላ ያለውን ገደል የሚያውቅ ሰው አምስት ወር የፈጀበትን ምክንያት አይጠይቅም።

እንግዲህ ሴባስቶፖል ሰው ቢፈጅ ኖሮ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር? የዋልድማየር ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ዋልድማየር «አልሠራም» ብሎ ወደ አገሩ መሄድ አይችልም ነበር፤ ከሥራውም ያተረፈው ንግድ የለም። አኜሊ ግን አማራጭ ነበረው፤ ሴናተር ነው፥ ሀብታም ነው፥ ትእዛዙም ገበያ ነው፤ በዚያ ጦርነት የመኪና ግዢ ሲጨምር ፋብሪካው አትርፏል። የሠሪ ጥፋት የሚለካው «አልፈልግም» ለማለት በነበረው ነጻነትና ከሥራው ባገኘው ጥቅም ይመስለናል። በዚህ ሚዛን «ታዝዞ ነው» የሚለው ቃል የጋፋቱን ሰው ነጻ ያወጣል፤ የቶሪኖውን ባለሀብት አያወጣም።

ፋብሪካ ስንል ደግሞ ባለቤቱን ብቻ ማለት እንዳይሆን። በግንቦት 1931 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሚራፊዮሪ የተባለውን አዲሱን የፊያት ፋብሪካ ሲመርቅ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩት ሠራተኞች ሲያጨበጭቡለት አልታዩም፤ ጥቂቶች ብቻ ናቸው ያጨበጨቡት። ተናዶ ከመድረኩ መውረዱ ይነገራል። በየካቲት 1935 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ጦርነቱ ገና በተፋፋመበት ሰዓት፥ እነዚሁ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አድማው ወደ ሌሎች ፋብሪካዎችና ከተሞች ተዛመተ። አድማው ለእኛ ሲባል የተደረገ እንዳይመስለን፤ የዳቦና የሰላም ጥያቄ ነበር። ቢሆንም «ፊያት ወረረን» ብለን ስንደመድም እነዚህንም አብረን መክተታችን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ታሪክ ሌላ ነው፤ ለእኛም የሚጣፍጠን ይኸኛው ነው። ፊያት 682 የተባለውን ከባድ የጭነት መኪና በ1940ዎቹ አጋማሽ አወጣ። ሦስተኛው ዓይነት «ኤን» በምትባል ፊደልና በጣሊያንኛው «ትሬ» (ሦስት ማለት ነው) ተጠራ። የእኛ ሰው ሁለቱን ገጥሞ ኤንትሬ አለው። ኤንትሬን የማያውቅ አባት ያለው ተማሪ ካለ እስቲ ይንገረን! ከእነዚያ የጣሊያን ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጫፍ አጎንብሶ እንዲያይ ታስቦ ነው ይባላል። ያ አስተሳሰብ ለአልፕስ ተራሮች ተወልዶ ለሊማሊሞ ሆነ።

ኤንትሬ ጠንካራ መኪና ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለን እንመርምረው። ይኸው ፊያት አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት ትንንሽ መኪኖቹ ዝገት እየበላቸው መሣቂያ ሆኖ ነበር፤ አሜሪካኖች አራቱን ፊደሎች «ቶኒ፥ እንደገና ጠግነው» ብለው ይፈቷቸው ነበር። አንድ ስም እዚያ መሣቂያ፥ እዚህ የተራራ ንጉሥ! መኪናው ሌላ መሆኑ ይታወቃል፤ ግን ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ ቶኒ አልነበረም። ባሌስትራው ሲሰበር መንገድ ዳር አስሮ የሚያስነሣው፥ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል አውርዶ የሚገጥመው፥ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ከኋላ ሮጦ ታኮ የሚጥለው የእኛው ሰው ነው። ረዳት ማለት እኮ እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጎማው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል እጁን ከሥሩ የሚያስገባ ሰው ነው። ሌሊት ጭነቱ ላይ በብርድ የሚተኛው እሱ ነው። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም በጉና ሥር ወደ ጋይንት መጫን ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አካባቢ ሾፌሮች ይንገሯችሁ። «ፊያት አያሳፍርም» የተባለው እነሱ ስላላሳፈሩ ነው። ስለዚህ ያ መልካም ስም በቶሪኖ መዝገብ ላይ ብቻ ቢጻፍ ሌብነት ይመስለናል።

ቋንቋውም ይመስክር። ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን፥ ቦሎ፥ ካሚዮን ስንል ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ «ካንዴላ አምጣ» ሲል ለሙሶሊኒ እየሰገደ ነው የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ቃሉ በሠራበት ሰው እጅ ከርሟልና የእሱ ሆኗል። ታዲያ በቃሉ ላይ ያልተጣላን በመኪናው ላይ ምን አጣላን?

«እሺ፥ መንገዱስ?» ይሉናል። እርግጥ ነው፥ ጣሊያን በአምስት ዓመቱ መንገድ ሠርቷል፤ ለራሱ ጦር መመላለሻ ብሎ። የሠራበት ጉልበት ግማሹ የእኛው ሰው ጉልበት ነው። የእኛን ከተማ በተለይ ለሚያነሡ ደግሞ አንድ ነገር እናስታውሳቸው፤ ከወረታ በደብረ ታቦር አልፎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን ዋና መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። እሱን «ጣሊያን ሠራልን» የሚል ሰው ወይ መንገዱን አያውቀውም ወይ ጣሊያንን ይወደዋል።

የተከፈለም ነገር አለ። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትሰጥ ወሰነ፤ ከብዙ ድርድር በኋላ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከዚሁ ካሳ የተገኘ ነው። ጥሩ። ግን ያ የመንግሥትና የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ትርፍ ያገኘውን ፋብሪካ ዛሬ እንጠይቅ ቢባል በየትኛው በር ነው የሚንኳኳው? ፊያት በ2006 ዓ.ም. ከአሜሪካው ክራይስለር ጋር አንድ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዩ ፔዦ ጋር ተዋሕዶ ስቴላንቲስ ተባለ። የጭነት መኪናው ዘር ቀደም ብሎ በ1967 ዓ.ም. ኢቬኮ በተባለ ሌላ ስም ሄዷል። ተበዳሪው ስሙን እየለወጠ በሄደ ቁጥር አበዳሪው «ማን ነበር?» እያለ ይቀራል። ሰው ቢሆን ኖሮ ዳኛ ፊት አስቁመን «ስምህን ተናገር» እንለው ነበር።

ስም ስለመለወጥ ካነሣን የላዳን ነገር ማለፍ አንችልም። በ1958 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ አቋቋመች፤ ከተማውም በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶልያቲ ስም ተጠርቷል። እዚያ የተሠራው ላዳ ፊያት 124 ነው፤ ብርዱንና ኮረኮንቹን መንገድ እንዲችል ጥቂት ተለውጦ። በደርግ ዘመን «የወዳጅ አገር መኪና» ተብሎ አዲስ አበባ ገባና ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆነ። ስንቱ ሰው ኢምፔሪያሊዝምን እያወገዘ በቶሪኖ ልጅ ተሳፍሮ ወደ ስብሰባ ሄዷል! እኛ ይህን ለማሾፍ ብቻ አናነሣውም፤ ብረቱ ርዕዮተ ዓለም እንደሌለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

ብረቱን በትውልዱ መፍረድ ግን ብረት ላይ አያቆምም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊያትና የኢትዮጵያ መንግሥት በጋራ አዲስ አበባ ውስጥ አምቼ የተባለውን የመኪና መገጣጠሚያ አቋቋሙ። ዕቃው ከጣሊያን ይመጣል፥ እዚህ ይገጣጠማል፥ እዚህ ይነዳል። ሕዝቡ ከዚህ አንድ ቀልድ አወጣ፤ ወላጆቻቸው ኤርትራውያን ሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ያደጉትን ልጆች «አምቼ» ማለት ጀመረ። «ዕቃው ከዚያ፥ መገጣጠሚያው ከዚህ» መሆኑ ነው። ሰው የሚያስቅ ቀልድ ነበር፤ ልጆቹም ራሳቸው ይስቁበት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ ቀልዱ መዝገብ ሆነ። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው በትውልዱ ብቻ እየተለየ፥ ቤቱንና ሱቁን ጥሎ፥ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ድንበር ተላከ። ከኤርትራም ብዙ ኢትዮጵያውያን በተመሳሳይ መንገድ ተባረዋል። ከተላኩት መካከል ትግርኛ በቅጡ የማይናገሩ፥ አስመራን በስም እንጂ በዓይን የማያውቁ ነበሩ። «ዕቃው የመጣው ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው የተጠየቁት፤ ማን ገጠመው፥ የት ሠራ፥ ማንን አገለገለ የሚለውን የጠየቃቸው የለም። ድንበሩን ተሻግረው አስመራ ሲደርሱ፥ አማርኛቸው ቀድሟቸው ሲሰማ፥ እዚያም «አምቼ» ተባሉ።